የቀለለው ሸክም ወዴት ሄደ?

እንግልውድ ላይ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረ ሰው የሮኪ ተራሮችን ያያል። በበጋ ቅዳሜ ማለዳ ብዙው መኪና ወደዚያው ነው። ከተጓዦቹ መካከል የተጠረገውን መንገድ ትተው፣ በካርታና በኮምፓስ እየተመሩ አራት አምስት ቀን በእግር የሚሄዱ አሉ። የእነዚህ ሰዎች ትልቁ ጭንቀት የጀርባ ቦርሳቸው ክብደት ነው። ለጥቂት ግራም ሲል የጥርስ ብሩሹን እጀታ ቆርጦ የሚጥል አይጠፋም። ምግብ፣ ውሃና ነዳጅ ሳይቆጠር ቦርሳው ከ4.5 ኪሎ በታች የሆነለት “እጅግ ቀላል” የሚለውን ማዕረግ ያገኛል።

ማቅለሉ በራሱ ነውር የለበትም። ከባድ ቦርሳ ጉልበት ይጎዳል፤ ልቅ ድንጋይ በሞላበት ዳገት ላይ ደግሞ ሰው ይጥላል። ክርክሩ ሌላ ነው። ከቦርሳ የወጣ ሸክም ሁሉ ጠፋ ማለት አይደለም። አንዳንዱን እውቀት ይተካዋል፤ አንዳንዱ ወደ ሌላ ጀርባ ይዛወራል። የቀላል ጉዞ ሰባኪዎች ሁለቱን አንድ ላይ ቀላቅለው ያወድሳሉ።

እውቀት ለሚተካው ሸክም በሶ ጥሩ ምስክር ነው። ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል፤ ምድጃ፣ ጋዝና ድስት ቤት ይቀራሉ። ካርታ ላይ ጅረት ለይቶ የሚያነብ ሰውም ሦስት ሊትር ውሃ፣ ማለትም ሦስት ኪሎ፣ ቀኑን ሙሉ አይሸከምም። አንድ ሊትርና ማጣሪያ ይዞ በየጅረቱ ይሞላል። እንዲህ ያለው ማቅለል ማንንም አያስከፍልም።

ወፍራሙን ሹራብና የዝናብ ልብሱን ትቶ መሄድ ግን ያስከፍላል። በኮሎራዶ ተራሮች በጁላይና በኦገስት ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድና መብረቅ የተለመደ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ረጥቦ የቀረውን ተጓዥ ፍለጋ የሚወጡት በአብዛኛው ደመወዝ የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እሱ የናቀውን ግማሽ ኪሎ እነሱ በሌሊት ከነቃሬዛው ይሸከሙለታል። በሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ዛፍ በሚበቅልበት ከፍታ የሚያድር ሰው ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ምግቡን ድብ በማይከፍተው ጠንካራ ዕቃ እንዲይዝ ይገደዳል። ዕቃው ከባድ ነው ብሎ የተወ ሰው ዋጋውን ለድቡ ያስተላልፋል፤ የሰው ምግብ የለመደ ድብ ብዙ ጊዜ መጨረሻው መገደል ነውና።

እዚህ ላይ አባቶቻችን በሶ ብቻ ቋጥረው ዐድዋ ዘመቱ የሚለውም ኩራት ቢፈተሽ መልካም ነው። በ1888 ዓ.ም. ብዙው ዘማች መሣሪያውን ብቻ ይዞ መራመድ የቻለው ስንቁን አጋሰስ፣ አሽከርና ሴቶች ስለተሸከሙለት ነው። በውጊያው ቀን እቴጌ ጣይቱ ያሰማሯቸው ሴቶች ለተዋጊው ውሃ ያመላልሱ ነበር። ወንዱ የቀለለው ሴቲቱ ስለከበዳት ነው። ዛሬም በሰሜን ተራሮች ቱሪስቱ ትንሽ ቦርሳ አንግቶ ሲንሸራሸር፣ ድንኳኑና ድስቱ በበቅሎ ተጭነው ከባለበቅሎው ጋር ይጓዛሉ።

ተከራካሪው ኤማ ጌትውድን ይጠቅስ ይሆናል። በ1955 እ.ኤ.አ. በ67 ዓመቷ፣ ራሷ የሰፋችውን ከረጢት ትከሻዋ ላይ ጥላ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን የአፓላችያን መንገድ ብቻዋን ጨርሳለች። እውነት ነው። ነገር ግን በየመንገዱ በር ከፍተው ያበሏትና ያሳደሯት ሰዎች ነበሩ። የቆሎ ተማሪም አኩፋዳው የቀለለው የሚያበላው መንደር ስለነበረ ነው። የሁለቱ ጨዋነት በር ማንኳኳታቸው ላይ ነው፤ ሸክማቸውን ማን እንደያዘላቸው ያውቃሉ። መንገድ በሌለበት ተራራ ላይ የሚንኳኳ በር የለም።

እንግዲህ ቦርሳውን ሚዛን ላይ የሰቀለ ተጓዥ ለየዕቃው አንድ ጥያቄ ያንሳ፤ ይህ ቢቀር ማን ይሸከመዋል? መልሱ “ማንም” ከሆነ ዕቃው ይውጣ። የሰው ወይም የአውሬ ጀርባ ከሆነ ወደ ቦርሳው ይመለስ። ሚዛኑ ከ4.5 ኪሎ ካለፈ የሚቀረው ማዕረጉ ብቻ ነው።