ስለ መስክ መኪና የኋላ ፓራውልት አሠራር

በየወረዳው ለእርሻ ሥራ የተመደበ መኪና የመሥሪያ ቤቱ እግር ነው። ምርጥ ዘሩ ከመጋዘን ወደ ቀበሌ የሚደርሰው፥ የከብቱም ክትባት ሳይሞቅ ከበረቱ የሚገባው፥ ባለሙያውም በዘር ጊዜ ከገበሬው ማሳ የሚገኘው በርሱ ነው። ይህ መኪና በክረምት በጥቁር መረሬ ውስጥ ሰጥሞ የቀረ እንደ ሆነ የሳምንቱ ሥራ ሁሉ አብሮት ይሰጥማል። ስለዚህ አስተዋይ ሹም የሞተሩን ዘይትና የጎማውን ጥርስ እንደሚጠይቅ ሁሉ፥ ብዙ ሰው ንቆ የሚያልፈውን የመኪናውን የኋላ ብረትም ሊጠይቅ ይገባዋል።

ይህ ከመኪና ኋላ የሚገጠም የግጭት መከላከያ በጋራዥ ቋንቋ ፓራውልት ይባላል። ከፋብሪካ የመጣው ሲጎብጥ፥ ወይም ስኮርታ ጎማና ጀሪካን የሚሸከም ሌላ ሲፈለግ፥ የተለመደው ነገር መኪናውን ወደ ብየዳ ቤት ልኮ «ጠንካራ ብረት ሥሩለት» ማለት ነው። በያጁም ጠንካራ ማለት ወፍራም ማለት ይመስለዋልና፥ ካለው ቱቦና ላሜራ ወፍራሙን መርጦ ይበይዳል። ሹሙ አይቶ ደስ ይለዋል፤ ሒሳቡም ይከፈላል። ጉድለቱ የሚገለጠው ግን መኪናው ከጭቃ ሲጎተት ነው፤ ያን ጊዜም ጉዳቱ በብረቱ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ሊያግዝ በቆመው ሰው ላይ ይደርሳል። እንግዲህ የነገሩ ፍሬ ይህ ነው፤ ፓራውልት ጌጥ አይደለም። የሚሸከመውና የሚጎትተው ነገር አስቀድሞ ሳይጻፍ፥ ልኩም በወረቀት ሳይሣል ሊታዘዝ አይገባም።

የዚህ ዓይነት መኪና ከተፈጠረ ጀምሮ የኋላው ብረት ለሥራ የታሰበ ነበር። በኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1941 ዓ.ም. ጀምሮ ለአሜሪካ ጦር የተሠራው ዊሊስ ጂፕ ከኋላው ወርዱን ሙሉ የሚሸፍን ፓራውልት አልነበረውም። በግራና በቀኝ ሁለት አጫጭር ብረቶች፥ በመካከላቸው ከሻንሲው ጋራ የታሰረ የመጎተቻ መንጠቆ ነበሩት፤ እያንዳንዱም ሥራውን ያውቅ ነበር። የሮቨር ፋብሪካ ዋና መሐንዲስ የነበረው ሞሪስ ዊልክስ በዌልስ አገር በአንግልሲ ደሴት ባለው እርሻው በእንዲህ ያለ ጂፕ ይገለገል ስለ ነበረ፥ ከርሱ ተነሥቶ ለገበሬ የሚሆን መኪና አሰበ። ላንድ ሮቨርም በዚያው አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ቀረበ። በዚህ መኪና የኋላው ተሻጋሪ ብረት የሻንሲው አካል ሆኖ ተሳቢና የእርሻ መሣሪያ እንዲጎትት የተሠራ ነበር። በ1984 ዓ.ም. የወጣውና ዛሬም በኢትዮጵያ ገጠር መንገድ የሚታየው ቶዮታ ላንድ ክሩዘር 70ም አካሉ በሻንሲ ላይ የተቀመጠ፥ ኋላውም በባሌስትራ የተደገፈ ነው። ከነዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ ኃይል የሚያርፈው በሻንሲው ላይ እንጂ ከውጭ በሚያብረቀርቀው ብረት ላይ አይደለም።

ከዚህ በኋላ ወደ አሠራሩ ሲመጣ አስቀድሞ የሚታሰበው ከፍታው ነው። መኪና ከወንዝ ወይም ከቦይ ሲወጣ ፊቱ ወደ ላይ ይነሣል፤ ኋላው ግን ወደ መሬት ይወርዳል። ከኋላ ጎማ ሥር ተነሥቶ እስከ ፓራውልቱ ዝቅተኛ ጠርዝ የሚሳበው መስመር ከመሬት ጋራ የሚሠራው ማዕዘን የመውጫ ማዕዘን ይባላል። ማዕዘኑ የጠበበ እንደ ሆነ ብረቱ እንደ ማረሻ ዳገቱን ይነክሳል፤ መኪናውም ይያዛል። ይህን ለመለካት ሲባጎና ሜትር ይበቃሉ። ሲባጎው መሬት ከሚነካበት እስከ ጠርዙ ትክክለኛ ሥር ያለው ርቀት 100 ሳንቲ ሜትር፥ የጠርዙ ከፍታ 50 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ማዕዘኑ 27 ዲግሪ ያህል ነው። ከፍታው ሳይለወጥ ርቀቱ 120 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ወደ 23 ዲግሪ ይወርዳል። ጠርዙ ደግሞ በ10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢል 18 ዲግሪ ብቻ ይቀራል። እንግዲህ አንድ ስንዝር የማይሞላ ትርፍ ብረት መኪናውን ከወንዝ ውስጥ ሊያስቀረው ይችላል። ስለዚህ ፓራውልቱ ወደ አካሉ የተጠጋ፥ ሁለቱ ጫፎቹም ከሥር ወደ ላይ የተቆረጡ ይሁኑ። ነገር ግን ከልክ በላይ ከፍ ማድረግም አይገባም፤ በመንገድ ላይ ከኋላ የምትመጣ ትንሽ መኪና በግጭት ጊዜ ከሥሩ እንዳትገባ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ክብደቱ ነው። ርዝመቱም ወርዱም 1 ሜትር የሆነ ላሜራ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ቢሆን 8 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ 4 ሚሊ ሜትር ሲሆን 31 ኪሎ፥ 6 ሚሊ ሜትር ሲሆን 47 ኪሎ ይሆናል። አሁን ፓራውልቱ 60 ኪሎ፥ ስኮርታው ከነቸርኬው 40 ኪሎ፥ የተሞላው ጀሪካን 20 ኪሎ ነው እንበል፤ ድምሩ 120 ኪሎ ነው። ይህ ጭነት ከኋላ አክስል 1 ሜትር ከ20 ወደ ኋላ ቢንጠለጠል፥ በሁለቱም አክስሎች መካከል 3 ሜትር ቢኖር፥ እንደ ሚዛን ዘንግ ሆኖ ከፊቱ አክስል 48 ኪሎ ያነሣል፤ በኋላው ላይም 168 ኪሎ ይጭናል። ይህም ማለት አንድ ኩንታል እህል እንኳ ሳይጫን የኋላው ባሌስትራ ከአንድ ኩንታል ተኩል የሚበልጥ ተሸክሞ ውሏል፤ ሲሄድም ሲመለስም አይወርድለትም። ፊቱም ስለሚቀል በዳገትና በጭቃ የመሪው ጉልበት ይቀንሳል። ስለዚህ ስኮርታው በፋብሪካው ቦታ ሊቀመጥ የሚችል ከሆነ እዚያው ይቅር። ወደ ኋላ መውጣቱ ግድ ከሆነም ክብደቱ ከመኪናው ጭነት ላይ ተቀንሶ ይታሰብ።

ሦስተኛው፥ ከሁሉም የሚከብደው፥ የመጎተቻው ነገር ነው። መኪና በጭቃ ሲያዝ ገመድ የሚታሰረው ከፓራውልቱ ጋራ ነው። ጭቃ መኪናን የሚይዘው በክብደቱ ልክ ብቻ አይደለም፤ አፈሩ ጎማውን ስለሚመጠው ለማውጣት የሚያስፈልገው ጉልበት እንደ አያያዙ እጅግ ይበዛል። ጎታቹ መኪና ተንደርድሮ ሲጎትት ደግሞ ፍጥነቱ በእጥፍ ቢጨምር የያዘው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ገመዱ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ናይለን ከሆነ ይህን ኃይል ሁሉ በውስጡ አጠራቅሞ ይይዛል። ያን ጊዜ የታሰረበት ብረት ቢገነጠል እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ይወረወራል። የመኪናን መስታወት ሰብሮ የሚገባ ብረት ሰውን እንደማይምር ግልጥ ነው። በአውስትራልያ አገር የተሳቢ ማሰሪያው ክብ ራስ በዚህ ዓይነት ተገንጥሎ ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህም የዚያ አገር መንግሥት በሚሸጠው የመጎተቻ ቀበቶ ሁሉ ላይ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ እንዲኖር ደንብ አውጥቷል። ክቡ ራስ የተሠራው ተሳቢን በዝግታ ለመሳብ እንጂ በድንገተኛ ንቅናቄ ለመነቀል አይደለም።

እንግዲህ የመጎተቻ ቦታ የሚፈለግበት ፓራውልት ከሥሩ እንዲህ ሊታሰብ ይገባል። መጎተቻዎቹ ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ ከሻንሲው ዋና ብረቶች ትይዩ ይሁኑ። ኃይሉም በወፍራም ሳንቃ ብረትና በብዙ ቡሎኖች ወደ ሻንሲው ይተላለፍ። በላሜራው ፊት ላይ ብቻ የተበየደ ቀለበት ለዐይን ይሞላል እንጂ ሲጎተት ላሜራውን ይዞ ይነሣል። ቡሎኖቹ ራሳቸው ላይ 8.8 የሚል ምልክት ያላቸው ይሁኑ፤ ምልክት የሌለው ቡሎን ጉልበቱ አይታወቅም። የሻንሲውን የላይና የታች ከንፈር መብሳት ያደክመዋልና ፋብሪካው በተዋቸው ቀዳዳዎች መጠቀም ይሻላል። ገመዱን የሚይዘው በቡሎን የሚዘጋ ቀለበትም የሚችለው ክብደት በላዩ የተቀረጸ ይሁን፤ 4.75 ቶን የሚል ጽሑፍ ያለበት በንግድ የታወቀ ነው። የሚለጠጠው ቀበቶ ጉልበት ከመኪናው ሙሉ ክብደት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ እንዲሆን ይመከራል፤ ለ3 ቶን መኪና ከ6 እስከ 9 ቶን ማለት ነው።

አራተኛ፥ ፓራውልቱ ሊሸፍናቸው የማይገቡ ነገሮች አሉ። የኋላ መብራት፥ ፍሬቻና ታርጋ ከስኮርታው በስተኋላ ተደብቀው የቀሩ እንደ ሆነ፥ በአቧራና በጉም ውስጥ ከኋላ የሚመጣው ሾፌር ምንም አያይም። የማርሚታው ጫፍ በብረት ከታፈነ ጢሱ ወደ ሰው መቀመጫ ሊመለስ ይችላል። የስኮርታው ተሸካሚ በር ከሆነ ዘንጉ ጠንካራ፥ መቆለፊያውም ሁለት ይሁን፤ በኮረኮንች መንገድ አንዱ ቢፈታ ሁለተኛው ይይዛልና። ሹል ጠርዝም አይተውለት። በገበያ ቀን ከመኪናው አጠገብ የሚያልፈው ሕፃን ቁመቱ ከብረቱ ጠርዝ ጋራ እኩል መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል። ይልቁንም ሰፊና ለጥ ያለ መርገጫ የሆነ ፓራውልት ሰው እንዲንጠላጠልበት ይጋብዛል። ለመውጫ መርገጫ ካስፈለገም ጠባብ ይሁን፤ መኪናው ሲሄድ ማንም እንዳይቆምበት ሾፌሩ በጽሑፍ ይታዘዝ።

አምስተኛ፥ ብየዳው ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሥራው በነዳጅ ማጠራቀሚያው አቅራቢያ ስለሚሆን ፓራውልቱ በተቻለ መጠን ከመኪናው ወርዶ ይበየድ። በመኪናው ላይ መበየዱ ግድ ከሆነ የባትሪው ገመድ ይፈታ፤ ነዳጁም ከእሳት ይጠበቅ። ዚንክ የተቀባ ቱቦ ሲበየድ ጢሱ ሰውን ያሳምማልና ቅቡ በሚበየድበት ቦታ አስቀድሞ ይፋቅ፤ ሥራውም ነፋስ በሚያልፍበት ቦታ ይሁን። ውኃ የሚያቁር ቱቦ ሁሉ ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ ይበጅለት፤ ያለዚያ ቀለሙ ከውጭ አምሮ ሳለ ብረቱ ከውስጥ በዝገት ይበላል።

ምናልባት «ይህ የመካኒክ ሥራ ነው፤ ሹምን ምን አገባው?» የሚል ይኖራል። ብረቱን መቁረጥና መበየድ በእውነት የመካኒክ ሥራ ነው። ነገር ግን መኪናው ምን እንደሚሸከም፥ በየትኛው ወንዝ እንደሚሻገር፥ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚጎተት የሚያውቀው የሚያዘው ሹም ነው፤ የክፍያውንም ወረቀት የሚፈርመው እርሱ ነው። በያጅ ያልተነገረውን ሊያውቅ አይችልም። ሌላውም «የፋብሪካው ቀጭን ብረት ለገጠር አይረባም» ይላል። ይህም በከፊል እውነት ነው፤ ቀጭኑ ብረት በድንጋይ ይጎብጣል። ሆኖም ሳይሸከምና ሳይጎትት በጠጠር መንገድ ብቻ ለሚመላለስ መኪና የፋብሪካውን አቃንቶ መመለስ ከአዲሱ ይረክሳል፤ መኪናውንም አያከብደውም። ለአዲሱ ሊወጣ የነበረው ገንዘብ ለጥሩ ጎማና ለጭቃ ማውጫ ሳንቃ ቢውል ይበልጥ ይጠቅማል። ከባዱ ብረት የሚገባው ሥራው ለጠየቀው መኪና ብቻ ነው።

ስለዚህ የወረዳ ሹማምንትም ሆኑ መኪና ያላቸው ባለ እርሻዎች ፓራውልት ከማሠራታቸው በፊት አንድ ገጽ ወረቀት ያስጽፉ። በዚያ ላይ የሚሸከመው ዕቃ ከነክብደቱ፥ የመጎተቻው ቦታ፥ ከመሬት ያለው ከፍታ፥ ከሻንሲው ጋራ የሚያያዝበት ቡሎን ቁጥርና ውፍረት ይመዝገብ። ለዓመታዊው የመኪና ምርመራ እንቅፋት እንዳይሆንም በአካባቢው ያለው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ይጠየቅ። ሥራው ሲያልቅ ብረቱ ከመገጠሙ በፊት ይመዘን፤ ከተገጠመም በኋላ መኪናው ተጭኖ ሳለ ማዕዘኑ በሲባጎ ይለካ። ወረቀቱና ብረቱ ካልተስማሙ ሒሳቡ አይከፈል። ከዚህም ሁሉ ጋራ፥ የቱንም ያህል ጥሩ ፓራውልት ቢሠራ፥ መኪና በሚጎተትበት ጊዜ ከሁለቱ ሾፌሮች በቀር ማንም ሰው በገመዱ አጠገብና በገመዱ ትይዩ እንዳይቆም ትእዛዝ ይሰጥ። መኪና ሲያዝ የአገሩ ገበሬ ሥራውን ትቶ ሊያግዝ ሮጦ ይመጣል። ይህ ደግ ሰው በጤና ወደ ማሳው እንዲመለስ ማድረግ የሹሙ ግዴታ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለውም ጥንቃቄው መጀመር ያለበት በጭቃው ውስጥ ሳይሆን ብረቱ በሚታዘዝበት ቀን ነው።