አሮጌዪቱን መኪና በክብር ስለ ማሰናበት

ብዙ ዘመን ያገለገለ ዕቃ ውሎ አድሮ ከዕቃነት ያልፍና እንደ ቤተ ሰብ ይቈጠራል፡፡ ይልቁንም መኪና እንዲህ ነው፡፡ ሙሽራ ያመጣች፥ አራስ ከሐኪም ቤት የመለሰች፥ ልጆችን ለትምህርት ቤት፥ ዘመድን ለለቅሶና ለክርስትና ያደረሰች መኪና ከግቢ በምትወጣበት ቀን የቤቱ ሰው ቢተክዝ አያስደንቅም፡፡ ነገር ግን ትካዜው ሌላ፥ የሽያጩ ሥርዓት ሌላ ነው፡፡ በዚህ ወር የምንነጋገረው ስለ ሥርዓቱ ነው፡፡

አሮጌውን ሸኝቶ አዲሱን መቀበል ለፉሪ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፡፡ ከጅቡቲ የተነሣው የጥንቱ ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነበር፤ ከመቶ ዓመት በኋላ፥ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም.፥ በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ መሥመር በፉሪ ለቡ ጣቢያ ተመረቀ፡፡ ከባቡሩ ቀጥሎ ኤሌክትሪክ ወደ ቤት መኪና ገባ፡፡ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፥ ባለ ባትሪ መኪና የገዛ ቤተ ሰብ አሮጌዪቱን ምን እንደሚያደርጋት ማሰቡ አልቀረም፡፡

በብዙ አገር ያረጀ መኪና ዋጋው ወርዶ መጨረሻው ብረት ማቅለጫ ነው፡፡ በእኛ ዘንድ ግን አሮጌ መኪና ገና ገንዘብ ነው፡፡ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ከውጭ ሲገባ እንደ ሞተሩ መጠን እስከ 500 በመቶ ግብር ስለ ጣለበት፥ በአገር ውስጥ ያለው ዋጋውን ይዞ ቆይቷል፡፡ ፈተናው የሚመጣውም ከዚህ ነው፡፡

አንድ የሰፈራችን አባ ወራ ብዙ ዘመን የነዷትን ቶዮታ ዲኤክስ ሊሸጡ አሰቡ፡፡ መኪናይቱ ዳገት ስትወጣ ሞተሯ ይግላል፤ ውኃም ትጨርሳለች፡፡ ደላላው «በማለዳ፥ ሞተሩ ሳይሞቅ፥ በሜዳው መንገድ ብቻ እናሳየው» ብሎ መከራቸው፡፡ ገዢው ዕቁብ የደረሰው፥ በመኪናይቱ ሠርቶ ቤቱን ሊያስተዳድር ያሰበ ጐልማሳ ነበር፡፡ ባለቤታቸው ይህን በሰሙ ጊዜ «እንዴት ያስቡታል? የእኛን ልጆች ያሳደገች መኪና የሰውን ልጆች እንጀራ ልታሳጣ ነውን?» አሏቸው፡፡ አባ ወራው ገዢውን ራሳቸው ወደ ፉሪ ተራራ በሚያወጣው ዳገት ወሰዱት፤ የሙቀት መለኪያው ከፍ ሲል በዓይኑ አየ፡፡ ዋጋው ወረደ፤ ደላላው ተቈጣ፤ ለትንሹ ልጃቸው ትምህርት ታስቦ የነበረው ገንዘብም ጐደለ፡፡ ገዢው ግን በተቀነሰለት ብር ሞተሩን አሳደሰበት፡፡

እንግዲህ እውነት መናገር ሁልጊዜ ትርፍ ያመጣል ብለን አንባቢን አንደልልም፡፡ በዚህ ቤት እውነት ገንዘብ አስከፍላለች፡፡ ሆኖም ያ ገንዘብ ፊቱንም የገዢው ነበር እንጂ የሻጩ አልነበረም፡፡ ሕጉም የሚለው ከዚህ አይርቅም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ሻጭ እያወቀ ጉድለትን በተንኰል የደበቀ እንደ ሆነ፥ «ኋላ ጉድለት ቢገኝ አልጠየቅም» የሚል ውል ቢጽፍም አያድነውም፡፡

ሁለተኛው ነገር ስም ማዛወር ነው፡፡ ብዙ ሰው ወጪውንና መጉላላቱን ፈርቶ ለገዢው ውክልና ብቻ ሰጥቶ ይሰነባበታል፡፡ ይህ አደገኛ ነው፡፡ ያው ሕግ የመኪና ባለቤት፥ መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት፥ ያልተፈቀደለት ሰው እንኳ ቢነዳው፥ ኀላፊ ያደርገዋል፡፡ ስለዚህ ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ ይፈረም፤ የሊብሬው ስም እስኪዛወር ድረስም ነገሩ አለቀ አይባል፡፡

ሦስተኛ፥ መኪናይቱን ለእኅት ወይም ለወንድም ልጅ መስጠት ያማረ ሐሳብ ነው፤ ነገር ግን የነዳጁን፥ የቦሎውን፥ የመድኑንና የጥገናውን ወጪ አስቀድሞ መንገር ይገባል፡፡ የተቀባዩን ደመወዝ የሚበላ ስጦታ ዕዳ ነው፡፡ ሳይሸጡ ሳይሰጡ በግቢ ማስቀመጥም አያከብራትም፤ ጎማዋ በፀሐይ ይሰነጠቃል፥ ባትሪዋ ይሞታል፥ አካሏንም ዝገት ይበላዋል፡፡

በመጨረሻም ቁልፉ ከመሰጠቱ በፊት ልጆች ይጠሩና መኪናይቱን ይፈትሹ፤ ከመስተዋቱ ላይ የተሰቀለው የእመቤታችን ሥዕል ወደ ቤት ይመለስ፤ ከወንበሩ ሥር የወደቀ ወረቀትም ይነሣ፡፡ አባትም የመኪናይቱን ጉድለት አንድ በአንድ በውሉ ላይ ሲያስጽፍ ልጆቹ አጠገቡ ቆመው ይስሙ፡፡