አወያይ ዳኛ አይደለም

በዲፓርትመንታችን የቅዳሜ ውይይት ላይ ሰሞኑን አዲስ ክርክር ተነስቷል። ክርክሩ ስለ ዳታቤዝ ወይም ስለ ኔትወርክ አይደለም፤ ስለ አወያዩ ነው። አንዳንድ ጓደኞቻችን «አወያይ ለምን ያስፈልጋል? ሁላችንም የሙያው ሰዎች ነን፤ የተሻለው ሐሳብ ራሱ ያሸንፋል» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ አወያዩ ጠንከር ብሎ፣ ተራ ጥያቄ የሚያነሳውን ሁሉ «ሄደህ አንብብ» እያለ እንዲያስቀምጥላቸው ይፈልጋሉ። እኔ ዘንድሮ ውይይቱን በተራ ከምንመራው ተማሪዎች አንዱ ነኝ። በሁለቱም አልስማማም።

አወያይ ከሌለ መድረኩ ለሁሉም እኩል ክፍት ይሆናል ማለት የዋህነት ነው። ወንበሩ ባዶ አይቀርም፤ ድምፁ ጎላ ያለው ይይዘዋል። ባለፈው ወር ስለ አንድ የመመረቂያ ፕሮጀክት፣ ማለትም ስለ ክሊኒክ ካርድ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ስንወያይ፣ ሁለት ተመራቂዎች «የትኛው ዳታቤዝ ይሻላል?» በሚል ግማሽ ሰዓት ተከራከሩ። ከኋላ የተቀመጠች የአንደኛ ዓመት ተማሪ እጇን ሁለት ጊዜ አንስታ ሁለት ጊዜ አወረደች። የዕለቱ አወያይ አይቷት ኖሮ ዕድል ሲሰጣት «ክሊኒኩ በቀን ስንት ሰው ነው የሚያየው?» ብላ ጠየቀች። የፕሮጀክቱ ባለቤት «ቢበዛ ሠላሳ» አለ። ለሠላሳ ሰው ሁለቱም ዳታቤዞች ከበቂ በላይ ናቸው! ክርክሩ እዚያው አለቀ። ይህች ልጅ «ሄደሽ አንብቢ» ብትባል ኖሮ የትኛውን መጽሐፍ ልታነብ ነበር?

እዚሁ ሰፈራችን ላንቻ (ስሙን ያገኘው ከጣሊያኑ የላንቻ መኪና ነው ይባላል) አንድ የማውቃቸው አዛውንት መካኒክ አሉ። ሞተር ተከፍቶ ሦስት አራት ሰው ከቦ ሲከራከር መጀመሪያ የሚጠይቁት ረዳታቸውን ነው፤ እሳቸው የሚናገሩት መጨረሻ ላይ ነው። እሳቸው ቀድመው ከተናገሩማ ልጁ የሰማውንም ድምፅ አልሰማሁም ይላል። እኛ ዘንድ ግን ይሉኝታው ሌላ ነው። መጀመሪያ መምህሩ፣ ቀጥሎ ተመራቂው፣ ከዚያ ሰዓት አልቋል።

ታዲያ የአወያይ ዋና ሥራ ምንድን ነው? እንደኔ ማን ልክ እንደሆነ መፍረድ አይደለም። ጥያቄውን መጠበቅ ነው። ከራሳችን ፊደል ምሳሌ ላምጣ። በዘጠናዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) አማርኛ በኮምፒውተር የሚጻፈው እያንዳንዱ ሶፍትዌር በራሱ መንገድ በሚያስቀምጠው ፊደል ነበር፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርምስ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የኢትዮጵያን ፊደል ሲያካትት ነው ለእያንዳንዱ ሆሄ አንድ የጋራ ቁጥር የተሰጠው። አሁን እስቲ አስቡት፤ «ሀ፣ ሐ እና ኀ ለየብቻ ቁጥር ይሰጣቸው ወይ?» የሚል ጥያቄ ለእኛ የቅዳሜ ውይይት ቢቀርብ ምን ይፈጠራል? አብዛኞቻችን የአማርኛ ተናጋሪዎች ነን። «ድምፃቸው አንድ ነው፣ ይቀነሱ» የሚለው በድምፅ ብልጫ ያልፍ ነበር። አንዱ በትግርኛ ሀ እና ሐ እንደሚለያዩ ቢነግረን፣ ሌላው በግዕዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» ደግሞ ሌባው የሚያደርገው መሆኑን ቢያስረዳን «ከርዕስ ወጣችሁ» እንላቸው ይሆናል። ርዕሱ ግን እነሱ ጋ ነበር። ፊደል ይቀነስ አይቀነስ የሚለው የቋንቋ ሊቃውንት የቆየ ክርክር ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚፈልገው ግን በዚህ ፊደል የተጻፈው ሁሉ ሳይጠፋ እንዲጻፍ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ሲደባለቁ ለይቶ የሚያስቀምጥ ሰው ያስፈልጋል። ደግነቱ በዩኒኮድ ሦስቱም ሆሄያት የየራሳቸው ቁጥር አላቸው።

ሌላም ነገር አለ። በ1999 ያልተካተቱ ሆሄያት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 ከተጨመሩት ውስጥ የሰባት ቤት ጉራጌና የብሊን ይገኙበታል፤ በ2010 የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ፣ የባስኬቶና የጉሙዝ ተከተሉ፤ በ2021 ደግሞ ለጉራጌ ቋንቋዎች እንደገና ሌሎች ሆሄያት ገቡ። ይህን የማነሳው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። አወያይ የሆነ ሰው እጅ ካወጡት ተናጋሪዎች በተጨማሪ «እዚህ የሌለው ማነው?» ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ስለሚያሳይ ነው።

በድምፅ ብልጫ መወሰንን ኢንተርኔቱን የሠሩት መሐንዲሶችም ሸሽተውታል። የኢንተርኔት ምሕንድስና ግብረ ኃይል (አይኢቲኤፍ) በስብሰባዎቹ እጅ ከማስቆጠር ይልቅ የቤቱን ስሜት ለማወቅ ተሰብሳቢው አፉን ዘግቶ «እምም» እንዲል ይደረግ ነበር። የሚያስቅ ይመስላል፤ ግን ቁምነገር አለው። በ2014 የወጣው አርኤፍሲ 7282 የተባለው ሰነዳቸው እንደሚያብራራው፣ መቶ ሰው ደግፎ አምስት ሰው ቢቃወምም የአምስቱ ተቃውሞ መልስ ካላገኘ ስምምነት አለ ላይባል ይችላል። ሰብሳቢው የሚመዝነው ተቃውሞው መልስ ማግኘቱን ነው።

ጠንካራ አወያይ ለሚፈልጉት ወገኖቼ ደግሞ ዕድርን ላስታውሳቸው። የዕድር ዳኛ የቀረውን ይቀጣል፤ ግን የሚቀጣው ሁሉም አስቀድሞ በተስማማበት መተዳደሪያ ደንብ እንጂ ያን ቀን ስለተናደደ አይደለም። እኛ ደንብ ሳይኖረን ነው ቅጣት የሚያምረን። የሰው ንግግር መቋረጥ ካለበት ይቋረጥ፤ ያቋረጠው ሰው ግን ምክንያቱን በሰው ፊት ይናገር። በጓደኛው ላይ የቀለደውንም ዝም ማለት ገለልተኝነት አይደለም፤ ዝምታው ለቀላጁ ድጋፍ ነው። በዚህ በኩል መምህራኖቻችንም ቢያግዙን ጥሩ ነው፤ ተማሪው መሳቅ ያለበትንና የሌለበትን የሚያውቀው የእናንተን ፊት አይቶ ነውና።

ስለዚህ ለተረኞች አወያዮች ሐሳብ አቅርቤያለሁ። የዕለቱ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ እስኪያልቅም አይጠፋ። ጀማሪዎች ይቅደሙ። አወያዩ ራሱ መከራከር ካማረው ወንበሩን ለሌላ ይልቀቅ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ርዕስ የመመረቂያ ፕሮጀክት በአማርኛ ይጻፍ ወይስ በእንግሊዝኛ የሚል ነው። ተረኛው እኔ ነበርኩ፤ በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት ስለማልችል ወንበሩን ካሁኑ ለቅቄያለሁ።