ደራሽ ውኃ እና የካሜራ ርቀት

በክረምት፣ ከሰዓት በኋላ፣ የሰሜን ወሎዋ የሲሪንቃ ገበሬ ወንዝ ከመሻገሩ በፊት ቀና ብሎ የሚያየው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ደጋው ነው። ተራራው አናት ላይ ደመናው ከጠቆረ፣ እሱ የቆመበት ቆላ ፀሐይ ቢሆንም ደራሽ ሊመጣ ይችላል። ጠዋት አሸዋና ድንጋይ ብቻ የነበረው ወንዝ አፍታ በሚመስል ጊዜ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ይሞላል። ቀድሞ የሚደርሰው ድምፁ ነው፤ ቀጥሎ ጭራሮ፣ ቅጠልና አረፋ እየገፋ የሚንከባለል ቡናማ ግንባር ይመጣል። ከውኃው ሥር ድንጋዮች ሲጋጩ ንዝረቱ በእግር መዳፍ ይሰማል። አንዱ ከማዶ “ደራሽ!” ብሎ ይጮኻል፤ እረኞች ከብቱን ወደ ዳር ያጣድፋሉ።

ከመርሳ እስከ ወልድያ፣ ከዚያም እስከ አላ ውኃና ጎሊና ድረስ የዚህ አገር ወንዞች ጠባይ ይኸው ነው። ከገደላማው ደጋ ይወረወሩና ወደ አፋር ሜዳ ይፈስሳሉ። ባሕር የሚደርስ የለም፤ ሚሌ እንኳ ከአዋሽ ጋር ተቀላቅሎ በበረሃ ሐይቅ ያበቃል። እንዲህ ያለውን ውኃ በካሜራ መያዝ የሚፈልግ ሰው ሁለት የተጠረጉ መንገዶች ይጠብቁታል። ሁለቱም ለዚህ አገር ውኃ አይሆኑም ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው ከአውሮፓ የመጣው የአስፈሪ ግርማ መንገድ ነው። ፈላስፋው ኤድመንድ በርክ እ.ኤ.አ. በ1757 ባሳተመው መጽሐፉ፣ አስፈሪ ነገር በጣም ሲቀርበን ሥቃይ ብቻ እንደሚሆን፣ በመጠኑ ሲርቀን ግን ልዩ ደስታ እንደሚሰጥ ጻፈ። ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት እ.ኤ.አ. በ1790 ነጎድጓድን፣ የተናወጠ ውቅያኖስንና ከፍተኛ ፏፏቴን ጠቅሶ፣ እኛ ከአደጋው እስከተጠበቅን ድረስ አስፈሪነታቸው ይስበናል አለ። ሐሳቡ ለሥዕልና ለፎቶግራፍ ትልቅ ጉልበት ሰጥቷል። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ የባሕር ማዕበል ሲያነሳ፣ የዘመኑ ኬሚካል ሰማዩንና ውኃውን በአንድ ጊዜ እኩል መቅዳት ስለማይችል ሁለቱን በየራሳቸው ኔጋቲቭ አንስቶ በአንድ ወረቀት ያትማቸው ነበር። ተመልካቹ በሥዕሉ ፊት ትንሽ ሆኖ እንዲቆም፣ እየፈራም እንዲደሰት ታስቦ የተሠራ ሥራ ነው። ዛሬም የብዙ መልክዓ ምድር ፎቶግራፍ አንሺዎች ምኞት ይህ ነው፤ ሰው የሌለበት ዳርቻ፣ የከበደ ሰማይ፣ ካሜራው ለሰከንዶች ተከፍቶ የቆየበትና ጭጋግ የመሰለ ውኃ።

ሲሪንቃ ላይ ይህ ዘዴ የሚሰናከለው በርክ ያለው ርቀት ስለሌለ ነው። ወንዙ ዳር የቆመው ሰው የማሽላ ማሳው ከታች አለ፤ ልጁ ከማዶ ከብት ይጠብቃል፤ ወደ ገበያ የሄደችው ሚስቱ በዚያው ወንዝ ትመለሳለች። የሚያየው ኃይል ሊነካው የሚችል ኃይል ነው። “ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው” የሚለው ተረት በአገሩ ሁሉ የሚነገረው በከንቱ አይደለም። ገበሬው ግርማውን አያይም ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ከማንም በላይ ያያል። አላህንም እግዚአብሔርንም የሚጠራበት ሰዓት ነው። የሱ ግርማ ግን ደኅንነት ላይ አልቆመም፤ የቆመው ያ ውኃ እንዳይመጣም እንዳይቀርም በመፍራት ላይ ነው። ካንት ያላሰበው ተመልካች ይህ ነው፤ ማሳውን የሚያጠጣለት ይኸው የሚያስፈራው ነገር ስለሆነ፣ ቢቀርበት የሚራብ ሰው።

ሰው አልባው ሥዕል ሌላም ጉዳት አለው። በቀድሞው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ነበር፤ ብዙዎቻችን ፏፏቴውን መጀመሪያ ያየነው በኪሳችን ነው። በወረቀቱ ላይ ውኃው ዘላለማዊ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2001 ሥራ የጀመረው ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ አብዛኛውን ውኃ ወደ ራሱ ከመለሰ በኋላ ግን ገደሉ የዓመቱን ብዙ ወራት ስስ ጅረት ብቻ የሚወርድበት ሆነ። መብራት ያስፈልጋል፤ ክርክሬ ከኃይል ማመንጫው ጋር አይደለም። ሥዕሉ ውኃውን ከሰው ውሳኔ ውጭ አድርጎ ስላሳየን፣ ሲቀንስ ለምን እንደቀነሰ ለመጠየቅ አላዘጋጀንም ነው የምለው።

የራሳችን ሥዕል ይህን ስሕተት አልሠራም። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ያለውን የኤርትራ ባሕር ማቋረጥ አስቡት። ባሕሩ በሰው የተሞላ ነው፤ የፈርዖን ወታደሮች ራስ፣ ፈረሶች፣ አንዳንዴም ሠዓሊው በዘመኑ ያየው ጠመንጃ ከማዕበሉ ብቅ ብቅ ይላሉ፤ በዳር ደግሞ የተሻገሩት ይዘምራሉ። ያው ውኃ ለአንዱ ሞት፣ ለሌላው መንገድ ነው። ሠዓሊው የውኃውን ኃይል የለካው በሰው ዕጣ ነው፤ ስለ አስፈሪ ውኃ ከለ ግሬ ማዕበል የበለጠ ለእኛ የሚነግረን ያ ግድግዳ ይመስለኛል።

ሁለተኛው የተጠረገ መንገድ የመከራ ፎቶግራፍ ነው፤ ወሎ ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። በ1966 ዓ.ም. መግቢያ የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ የረኃብ ፊልም፣ በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ የኬንያዊው ካሜራ ባለሙያ የመሐመድ አሚን ካሜራ ከኮረም ያወጣው ምስል ወሎን ለዓለም አስተዋወቁ። እነዚያ ምስሎች ሕይወት አትርፈዋል፤ ዋጋቸውን ማንም አይክድም። ነገር ግን ወሎን ውኃ የሌለበት፣ ሰዉንም እጁን አጣጥፎ የሚጠብቅ አድርገው በዓለም ዓይን ተክለዋል። ዛሬ ጎርፍ ሲመጣ የሚነሳው ፎቶ ያንኑ አቋም ይደግማል፤ የፈረሰ ቤት፣ ራሷን ይዛ የቆመች እናት፣ ከላይ የተነሳ ጭቃ። ፎቶግራፍ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2018 በዳሎል ባነሳችው “የውኃ ሕይወት” ከዚህ አመል ለመውጣት በሰውነት ቀለምና በተቀነባበረ ትዕይንት ተጠቅማለች፤ በሥዕሎቿ ውስጥ ውኃ የሚቀዱት ሴቶች የሚታዘንላቸው ሳይሆኑ የሚከበሩ ናቸው። መንገዷ የተቀነባበረ ትዕይንት መንገድ ስለሆነ ለደራሽ ውኃ አይመችም፤ ሰውን የሚታዘንለት ሳያደርጉ እንዴት ማሳየት ይቻላል የሚለው ጥያቄዋ ግን ትክክለኛው ነው።

መልሱ ያለው በቆቦ፣ በሐራና በአካባቢያቸው ሜዳዎች ገበሬው ጎርፉን በሚጠልፍበት ቦታ ነው። ዝናብ በሚያጥርበት ሜዳ ደጋው የጣለው ዝናብ በወንዙ ሲወርድ እንዳያመልጥ፣ ገበሬዎች በድንጋይ፣ በአፈርና በእሾህ ቅርንጫፍ ክትር ሠርተው ውኃውን ከወንዙ ወደ ቦይ፣ ከቦዩ ወደ ማሳ ይመልሱታል። ጎርፉ አፈርም ስለሚያመጣ ማሳው ይደልባል። ሲበረታ ክትሩን ጠራርጎ ይወስደዋል፤ ተሰብስበው እንደገና ይሠሩታል። ሰውየውን በዚያ ሰዓት ብትመለከቱት፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ አካፋውን እንደ ምርኩዝ ጭቃው ውስጥ ተክሎ፣ ዓይኑን ከቦዩ አፍ አይነቅልም። አፉ ሲሰፋ አፈር ይጥልበታል፤ ሲጠብ ይከፍተዋል። ከአራት እርምጃ በላይ የማይርቀው ውኃ ግንድ ያንከባልላል። ፍርሃት፣ ተስፋና ሥራ በአንድ ፊት ላይ የሚታዩበት ሰዓት ነው። የሚነሳው ፎቶ እሱ ነው።

ይህ የካሜራ ውሳኔ ይጠይቃል። ደራሽ ውኃ ጥቅጥቅ ያለ ጭቃ ነው፤ ለረጅም ሰከንድ ካነሱት ነጭ ሐር አይሆንም፤ እንቅስቃሴው ሁሉ ጠፍቶ እንደ ተለሰነ ግድግዳ ይሆናል። በአንድ ሺኛ ሰከንድ ካቆሙት ደግሞ የፈነጠቀው ጭቃ አየር ላይ ደርቆ ይቀራል፣ ፍሰቱ አይታወቅም። ከአንድ ሠላሳኛ እስከ አንድ ስድሳኛ ሰከንድ ባለው ፍጥነት ጥሩ ሚዛን ይገኛል፤ ውኃው ሲሮጥ ይታያል፣ ጸንቶ የቆመው ሰው ግን አይደበዝዝም። ሰፊ ሌንስ ይዞ መቅረብ ከሩቅ ሌንስ ይሻላል፤ የሩቁ ሌንስ ሰውንና ጎርፉን አጣብቆ በመካከላቸው ስላለው ርቀት ይዋሻል። የት መቆም እንደሚቻል የሚያውቀው የአገሩ ሰው ብቻ ነው። ከሥሩ የተቦረቦረ ዳርቻ ከላይ ደህና ይመስላል፤ ሳይጠይቁ መቆም በራስም፣ ሊያወጣ በሚገባው ሰውም ሕይወት መጫወት ነው።

ሰው ካለበት ግርማው ይቀንሳል የሚሉ አሉ። ሰው አልባ ተራራ የለመደ ዓይን እንዲያ ሊመስለው ይችላል። እኔ ግን ወጣቶች ወንዝ ዳር በስልካቸው የሚቀርጹትን ተንቀሳቃሽ ምስል ሳይ ተቃራኒውን አያለሁ። ይንቀጠቀጣል፣ አድማሱ ያዘነብላል፣ ጣት ሌንሱን ይሸፍናል። ነገር ግን “ተመለስ! ኧረ ተመለስ!” የሚል ጩኸት አለበት፤ በሬው ከተሻገረ በኋላ የሚሰማ “አልሐምዱሊላህ” አለበት። ያነሳው ልጅ የዚያው ውኃ ወገን ስለሆነ፣ በርክ የፈለገው ርቀት ሳይኖረው ግርማው ሙሉ በሙሉ ገብቶታል።

ለባለሙያው የሚቀረው ልጁ የጀመረውን በትዕግሥት መጨረስ ነው። ጎርፉ ካለፈ በኋላ ብዙዎች ካሜራቸውን ይሰበስባሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ግን የዚያው ሥዕል ክፍል ነው፤ በማግስቱ ክትሩን ለመጠገን የሚወጣው ሕዝብ፣ ማሳው ላይ የተኛው አዲስ ደለል፣ በመስከረም ዘለላ የሚያወጣው ማሽላ። ይህ ሁሉ በተከታታይ ተነስቶ ወልድያና መርሳ ላይ ለባለቤቶቹ በመጀመሪያ ቢታይ፣ የትኛው ምስል እውነት እንደሆነና የትኛው እንደተጋነነ ከማንም በፊት የሚነግሩን እነሱ ናቸው።