ጣሪያው ከመነሣቱ በፊት ንድፉ ይመርመር

በደንዲ ወረዳ በጊንጪ ዙሪያ ውኃ የሚያቁረውን ጥቁር አፈር የሚያጠና ተማሪ፣ ቺርፕስ የተባለውን የሳተላይት ዕለታዊ የዝናብ መረጃ እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 2010 ያለውን ወደ ፖስትግሬስ የመረጃ ቋት ሊጭን ተነሣ እንበል። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ሰንጠረዥ ከፍቶ ሁሉንም በአንድ ትራንዛክሽን ሲልክ ጭነቱ ይቋረጣል፤ ሰርቨሩም የጋራ ማኅደረ ትውስታ ማለቁን ገልጾ የመቆለፊያው ጣሪያ ከፍ እንዲል ይጠቁማል።

ቁጥሩን አሳድጎ ሰርቨሩን እንደገና ማስነሣት ቀላል ነው፤ ይሁንና የሚያስታግሰው ምልክቱን እንጂ በሽታውን አይደለም። በተለመደው ቅንብር ለ100 ግንኙነቶች እያንዳንዳቸው 64፣ በድምሩ 6,400 ያህል የመቆለፊያ ቦታ ይያዛል። ቦታውን የሚሞላው የረድፎች ብዛት ሳይሆን የሚነኩት ሰንጠረዦችና ኢንዴክሶች ብዛት ነው፤ የረድፍ መቆለፊያ በረድፉ ላይ ይመዘገባልና። የተጠቀሰው ዘመን 10,957 ቀናት አሉት። በዓመት ቢከፈል ግን 30 ሰንጠረዥ ይበቃል።

ጭነቱን ከፋፍሎ በየክፍሉ ማጽደቅም ሌላ መፍትሔ ነው፤ አደጋ ግን አለው። አንዱ ትራንዛክሽን ሲወድቅ ሁሉም ይሰረዛል፤ የተከፋፈለው ሲቋረጥ ግን ግማሹ ይቀራል። አንድ ክረምት የጎደለው ቋት ስሕተት አያሳይም፤ የዝናቡን አማካይ ግን ያዛባል። ስለዚህ ተመራማሪው የምንጩንና የቋቱን የረድፍ ብዛት ዓመት በዓመት ማመሳከር፣ የጭነቱንም ስልት በጥናት ዘዴው ክፍል ማስፈር ይገባዋል።