በገንዘብ የተገዛ ጥርጣሬና የፎገራ ሜዳ

የነዳጅና የድንጋይ ከሰል ኩባንያዎች የአየር ንብረት ለውጥን ለሚጠራጠሩ ሳይንቲስቶች ገንዘብ ያፈሰሱት እውነቱ ስለጠፋባቸው አልነበረም። የኤክሶን ተመራማሪ ጄምስ ብላክ ከነዳጅ ቃጠሎ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምድርን እንደሚያሞቅ ለኩባንያው ኃላፊዎች ያስረዱት እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ግሎባል ክላይሜት ኮአሊሽን የተባለው የኩባንያዎች ጥምረትም በ1995 ባዘጋጀው የውስጥ ረቂቅ የጉዳዩ ሳይንሳዊ መሠረት ሊካድ እንደማይችል፣ የተጠራጣሪዎቹም መከራከሪያ እንደማያሳምን አስፍሮ ነበር። ስለ ተጠራጣሪዎቹ የሚናገረው ክፍል ሰነዱ ከመሠራጨቱ በፊት ተቆርጦ ወጣ። በአደባባይ ጥምረቱ ሳይንሱ ገና አልጠራም ማለቱን ቀጠለ።

የሙቀት አማቂ ጋዞችን ልቀት ለመቀነስ የኪዮቶ ስምምነት ላይ በተደረሰ በወራት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1998፣ በአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት ዙሪያ የተረቀቀ ዕቅድ ሾልኮ ወጣ። ዕቅዱ በክርክሩ ስማቸው ያልተነሣ ሳይንቲስቶችን መልምሎ ማሠልጠንና ተራው ዜጋ ሳይንሱን እንዲጠራጠር ማድረግ ነበር። የተለየ ንድፈ ሐሳብ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ሕዝብ ካመነታ ሕግ ይዘገያል። የትምባሆ ኩባንያዎች ይህንኑ መንገድ ቀድመው ሄደውበታል።

ከሁሉ ጎልቶ የወጣው የዊሊ ሱን ጉዳይ ነው። በሃርቫርድ ስሚዝሶኒያን የሥነ ከዋክብት ምርምር ማዕከል ይሠሩ የነበሩት ሱን ለምድር መሞቅ ዋናዋ ምክንያት ፀሐይ ናት ይሉ ነበር። በ2015 ይፋ የሆኑ ሰነዶች ከአሥር ዓመት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ከ1.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከነዳጅና ከኃይል ኩባንያዎች እንዳገኙ አሳዩ። ከከፋዮቹ አንዱ ከሰል የሚያነደው የኤሌክትሪክ ኩባንያ ሳውዘርን ካምፓኒ ሲሆን፣ ጽሑፎቹ ከመታተማቸው በፊት ቀድሞ የማየት መብት በውል ተሰጥቶት ነበር። ሱን ለከፋዮቻቸው በላኩት ሪፖርት የምርምር ጽሑፎቻቸውን እንደ ዕቃ ርክክብ ቆጥረዋቸዋል። ገንዘቡ በሥራቸው ላይ ተጽዕኖ እንዳላሳደረ ተከራክረዋል፤ በብዙዎቹ ጽሑፎች ላይ ግን ከፋዩ ማን እንደሆነ አልገለጹም።

ሕግ ሲዘገይ ከሚጎዱት ቦታዎች አንዱ በጣና ሐይቅ ዳር ያለው የፎገራ ሜዳ ነው። ከጉና ተራራ የሚወርዱት የርብና የጉማራ ወንዞች ጣና ከመግባታቸው በፊት ይህን ሜዳ ያጥለቀልቃሉ። በ1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2006) ክረምት ሞልተው ሲፈሱ እንደ ናበጋና ዋገጠራ ያሉ የሐይቁ ዳር ቀበሌዎች በውኃ ተዋጡ፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። ያን ጎርፍ የአየር ንብረት ለውጥ ብቻ አመጣው ማለት አይቻልም፤ የደጋው መራቆትና ወንዞቹን የሞላው ደለልም ድርሻ አላቸው። ውኃ መተኛቱም ለፎገራ እንግዳ አይደለም። ሩዝ የሚበቅለው መሬቱ ክረምቱን ውኃ ስለሚይዝ ነው፤ ውኃው ሲያፈገፍግም ገበሬው ባህር ሸሽ በሚለው መሬት ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራል። የሚያስጨንቀው የለመደው የወቅት ስሌት ሲፈርስ ነው። ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ ባንዴ ከወረደ ቡቃያው ከውኃ በላይ ብቅ ሳይል ይሰጥማል፤ ቶሎ ከወጣ ደግሞ ሩዙ ፍሬ ሳይሞላ ይቀራል። አየር በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት ይይዛል፤ ከባድ ዝናብ ይበልጥ የሚከብደውም ለዚህ ነው። ገበሬው ማወቅ የሚገባው ይህን ሳይንስ ነው፣ ገንዘቡ የተከፈለውም ይህንኑ ሊያስክዱት ነው።

ምርምር በሌላ ገንዘብ መደገፉ በራሱ ነውር አይደለም። በፎገራዋ ወረታ ከተማ ያለው ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ያለ በጀት አንድ ዝርያ አያወጣም። ልዩነቱ ከፋዩ በግልጽ መታወቁና ጽሑፉን ከመታተሙ በፊት የማየት መብት የሌለው መሆኑ ላይ ነው። ሳውዘርን ካምፓኒ ለሱን የከፈለው ገንዘብ በሁለቱም ይወድቃል።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2001 የኪዮቶን ስምምነት እንደማታጸድቅ ስታስታውቅ ጥርጣሬው ዋጋውን አስገኘ። በአየር ንብረት ለውጥ ለተጎዱ አገሮች የሚሆን ፈንድ ለማቋቋም መንግሥታት የተስማሙት ከዚያ ከሁለት አስርት ዓመታት በኋላ፣ በ2022 በሻርም ኤል ሼክ ነው። ወደ ፈንዱ የሚገባው መዋጮ በፈቃደኝነት ነው፤ ጥርጣሬውን የገዙት ኩባንያዎች እንዲከፍሉ የሚያስገድድ አንቀጽ የለውም። ሊኖረው ይገባ ነበር።