የቀድሞ ሰዎች የሚሉትን ሁሉ በእውነት ያምኑ ነበርን?

በቅርቡ በሚዛን ተፈሪ ከመምህራን ጋር ስለ ወባ መከላከል ስንነጋገር፥ አንድ አስተማሪ እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፤ «አባቶቻችን ንዳድን የሚያመጣው የወንዝ ጋኔን ነው ይሉ ነበር። ይህን ከልባቸው ያምኑት ኖሯልን? ወይስ ሌላ የሚሉት ስላጡ ብቻ ይናገሩት ነበር?» ጥያቄው ለጨዋታ የቀረበ ይመስል ነበር፤ እኔ ግን ወደ ቤቴ ከተመለስሁ በኋላ ሳሰላስለው አመሸሁ። የጤና ትምህርት የሚሰጥ ሰው፥ ሰሚው የቀድሞውን ነገር የቱን ያህል እንደሚያምን ሳያውቅ ቢናገር፥ ድካሙ ከንቱ ይሆናልና።

ለዚህ ጥያቄ ሁለት የተለመዱ መልሶች አሉ። አንደኛው፥ የቀድሞ ሰዎች ስላልተማሩ የተነገራቸውን ሁሉ ይቀበሉ ነበር የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፥ ለወጉ ያህል ነው እንጂ ማንም ከልቡ አላመነበትም የሚል ነው። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ትክክል አይደሉም። የሰው እምነት ከአፉ ይልቅ በእጁና በእግሩ ይታወቃል፤ ስለዚህ ምን ይሉ እንደ ነበር ብቻ ሳይሆን ምን ያደርጉ እንደ ነበር መመርመር ይገባል።

ለምሳሌ ያህል ኮሶን እንመልከት። ጥሬ ሥጋ የሚበላው ያገራችን ሰው የኮሶ ትል ሲያስቸግረው፥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው የኮሶን አበባ ነበር፤ ወቅጦ በባዶ ሆዱ ይጠጣል፥ ትሉም ሲወጣ በዐይኑ ያያል። ሕመሙና መድኃኒቱ በግልጽ ስለሚታዩ ጋኔን የሚገባበት ቀዳዳ አልነበረም። ንዳድ ግን ከየት እንደሚመጣ አይታይም፤ ከአንድ ቤት ወንድምን ገድሎ እኅትን ይተዋል፤ ዛሬ ለቅቆ ከነገ ወዲያ ይመለሳል። ደብተራው በብራና ላይ በባለቤቱ ቁመት ልክ የሚጽፈው ክታብ የተፈለገው እንዲህ ላለው ነገር ነበር። ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ የተባለው ሊቅም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በትሮብሪያንድ ደሴቶች ተቀምጦ ይህን የመሰለ ነገር አይቷል፤ ሰዎቹ ጸጥ ባለው የባሕር ሰላጤ ዓሣ ሲያጠምዱ አስማት አይፈልጉም፤ አደጋ ወዳለበት ክፍት ባሕር ሲወጡ ግን ያለ አስማት አይንቀሳቀሱም ነበር። እንግዲህ የቀድሞ ሰዎች ማመዛዘን የማይችሉ አልነበሩም፤ ዐይናቸው በሚደርስበት ቦታ በዐይናቸው፥ በማይደርስበት ቦታ ደግሞ በተወረሰው ቃል ይመሩ ነበር ማለት ነው።

የተወረሰው ቃልም ቢሆን ፈጽሞ ባዶ አልነበረም። የደጋ ሰው ዝናም ባቆመበት ወራት ቆላ ወርዶ ማደርን ይፈራ ነበር፤ ሲመሽ ረግረግ አጠገብ የተገኘን ሰው ጋኔን ይይዘዋል ይባል ነበር። ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ ከምሽት እስከ ንጋት እንደምትናከስ፥ በሽታውም ከክረምት ማብቂያ በኋላ እንደሚበረታ ዛሬ እናውቃለን። ምክንያቱ ስሕተት ነበር፤ ጥንቃቄው ግን ትክክል ነበር።

በአንጻሩ የተማረ ሰውም ይሳሳታል። ሪቻርድ በርተን የተባለው እንግሊዛዊ ተጓዥ በ1856 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፥ የሶማሌ ሰዎች ብርቱው ትኩሳት ከትንኝ ንክሻ የሚመጣ መሆኑን እንደ ነገሩት ይገልጻል፤ እርሱ ግን ትንኙም ትኩሳቱም በአንድ ወራት ስለሚበዙ የተፈጠረ ከንቱ እምነት ነው ብሎ አለፈው። ሮናልድ ሮስ በሕንድ አገር የወባን ተሐዋስ በትንኝ ሆድ ውስጥ ያገኘው በ1897 እ.ኤ.አ. ነው። ያልተማረው ባላገር የተናገረው እውነት፥ አጉል እምነት ተብሎ 41 ዓመት ቆየ።

ታዲያ ጥንቃቄው ትክክል ከሆነ ምክንያቱን ማወቅ ለምን ያስፈልጋል? የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሱን በ1958 እ.ኤ.አ. የደረሰው መቅሠፍት ይሰጠናል። በዚያ ዓመት ዝናሙና ሙቀቱ ከልማድ ወጥቶ ትንኙ ወደ ደጋው ስለ ወጣ፥ በአገራችን 3 ሚሊዮን ያህል ሰው በወባ እንደ ታመመና 150,000 ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። «ደጋ ነኝ፥ ንዳድ አይደርስብኝም» ያለው ሁሉ ባልጠረጠረበት ተያዘ። ምክንያቱን ሳያውቅ ልማድን የሚከተል ሰው፥ ልማዱ የማይሠራበትን ቀን አያውቅም።

አሁን ስለ ራሴ ስሕተት ልናገር። ከውጭ አገር ትምህርቴን ጨርሼ በተመለስሁበት ዓመት፥ በዚሁ በቡናው አገር በአንድ ጤና ጣቢያ ስሠራ፥ አንዲት እናት ትኩሳት የያዘውን ልጇን ታቅፋ መጣች። በአንገቱ ክታብ ነበረ። በሰው ፊት ሣቅሁባት፤ «መጀመሪያ ይህን ቆዳ ጣይና ነይ» አልኋት። እርሷም አንድ ቃል ሳትመልስ ወጣች። በሦስተኛው ቀን ጎረቤቶቿ ልጁን በቃሬዛ አመጡት፤ ሕመሙ አንጎሉን ይዞት ነበርና አልዳነም። ወባው በደሙ እንዳለ ለማወቅ አንዲት ጠብታ ደም ትበቃኝ ነበር፤ ክታቡም ደም ከመውሰድ የሚከለክለኝ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ቆይቶ በቴፒ አጠገብ አንዲት አሮጊት፥ «እማማ፥ ክታቡ ያድናል ብለው ያምኑ ነበር?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ ጥቂት አሰቡና እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፥ ሐኪም ቤቱ የአንድ ቀን መንገድ ነበር፤ ደብተራው ግን ጎረቤቴ ነበሩ። ልጅ እያቃሰተ ማመን አለማመኔን ማን ይጠይቀኛል?» እኔ በውጭ አገር በተማርሁበት ከተማ 13 ቁጥር ክፍል የሌለው ሆቴል አይቻለሁ፤ ስለዚህ ነገር የጠየቅኋቸው የተማሩ ሰዎች ሁሉ ሣቁ እንጂ አንድም «አምናለሁ» ያለኝ አልነበረም። ቁጥሩ ግን አልተመለሰም። ሰው በሙሉ ልቡ ሳያምን «ምናልባት» ብሎ የሚጠነቀቅበት መካከለኛ ስፍራ አለ፤ አባቶቻችንም አብዛኛውን ጊዜ የኖሩት በዚሁ ስፍራ ይመስለኛል። ሐኪም ሲርቅ «ምናልባት» ይበረታል፤ ሐኪም ሲቀርብ ይደክማል።

ክታብና ክትባት የሚሉት ቃላት «ከተበ» ከሚለው ከአንድ የግዕዝ ግሥ የወጡ መሆናቸውንም ልብ ይሏል። ዘመናዊ ሕክምና ሳይገባ በፊት፥ ከፈንጣጣ በሽተኛ ቁስል ወስዶ የጤነኛውን ቆዳ በጥቶ መክተብ በአገራችን ይሠራበት ነበር። ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ በ1971 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ተጀምሮ በ1976 እ.ኤ.አ. የመጨረሻው በሽተኛ ሲገኝ፥ ክንዱን ለመርፌ ከሰጠው ሕዝብ መካከል በአንገቱ ክታብ ያሰረ ብዙ ነበረ። አንዱ ሌላውን አልከለከለውም።

ይህን ስል ልማድ ሁሉ ይከበር ማለቴ አይደለም። ክታብ ማሰር የሚጎዳው ሕክምናን ሲያዘገይ ነው። የሕፃን እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ መንቀል ግን ራሳቸው ያቆስላሉ፥ ደም ያፈሳሉ፥ ይገድላሉም፤ ስለነዚህ ነገሩን ሳናለሳልስ «ተው» ማለት ግዴታችን ነው።

ወባ ዛሬም አልለቀቀንም፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ስለዚህ መምህራን ሆይ፥ ተማሪያችሁ ክታብ አስሮ ወደ ክፍል ቢገባ አትሣቁበት፤ ትኩሳት ከጀመረው ስንት ቀን እንደ ሆነው ጠይቁት። ትኩሳት የያዘው ሁሉ በ24 ሰዓት ውስጥ ደሙን እንዲመረመር፥ ሌሊትም በአጎበር ውስጥ እንዲተኛ ለወላጆቹ ንገሩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ሰው በሽታውን የሚደብቀው ደግሞ ከሚሣቅበት ፊት ነው።